በእሳተ ገሞራ በረሃ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ሰዓቱንና ሊትሩን ቁጠሩ

ጥያቄ፦ «አራት ሆነን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ላይ በሚገኝ የእሳተ ገሞራ በረሃ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ አስበናል። ካርታው ላይ ዙሩ 18 ኪሎ ሜትር ነው፦ 5 ኪሎ ሜትር ሜዳ፣ 250 ሜትር ከፍታ ያለውን የገሞራ ጠጠር ጉብታ ወጥቶ ለመውረድ 1 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ መንገድ የሌለው 4 ኪሎ ሜትር የላቫ ሜዳ፣ በመጨረሻ በደረቀ ሐይቅ ዳር 8 ኪሎ ሜትር። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስለምንራመድ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅብናል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለመነሣት ተስማምተናል። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ አያሳስበንም። ለእያንዳንዳችን 1 ሊትር ተኩል ውኃ፣ በተጨማሪም አንድ የውኃ ማጣሪያ እንይዛለን። ጫማችን የስፖርት ጫማ ነው። ለአቅጣጫ ስልክና ኮምፓስ አለን። መንገዳችን ላይ ያለ የላቫ ዋሻ ውስጥ መግባትም እንፈልጋለን፤ ውሻችንም አብሮን ይሄዳል። የጎደለን ነገር አለ?»

ምላሽ፦ ዕቃ ከመጨመራችሁ በፊት ስሌቱን አርሙ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚለው ግምት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ካወጣው ደንብ ጋር ይገጥማል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ይህ የሚሠራው ዓይን ሩቅ እያየ እግር በራሱ በሚራመድበት ደህና መንገድ ላይ ነው። ላቫ ላይ ዓይን ከእግር ሥር አይነሣም። እግራችሁ የሚያርፍበትን ድንጋይ ትመርጣላችሁ፣ ይነቃነቅ እንደሆነ ትሞክራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ክብደታችሁን የምትጥሉበት። ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ላቫ ሁሉ አንድ አይደለም። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከሃዋይ ቋንቋ በተወሰዱ ሁለት ስሞች ይለዩታል። ፓሆይሆይ የሚባለው ላዩ ለስላሳ ሆኖ የደረቀ፣ ቦታ ቦታውም እንደ ተጠቀለለ ገመድ የተሸበሸበ ነው፤ በዚህ ላይ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። አኣ የሚባለው ግን ሲፈስ ላዩ እየደረቀና እየተሰባበረ የተጓዘ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚታየው ስለታም የሆነ የልቅ ድንጋይ ክምር ነው። እዚህ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ያልፋል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥም ዙሪያውን መዞር ስለሚያስፈልግ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ካርታው ግን ሁለቱንም በአንድ ቀለም ነው የሚያሳያችሁ። አንዱ ፍሰት ራሱ በጉዞው ላይ ከፓሆይሆይ ወደ አኣ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዳሩ ለስላሳ ሆኖ መገኘቱ ለመሀሉ ዋስትና አይሆንም።

በዚህ መሠረት ዙራችሁን እንደገና እናስላው። ሜዳው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወስዳል። ጉብታውን መውጣት 50 ደቂቃ፣ መውረድ 25 ደቂቃ። 4 ኪሎ ሜትሩ ላቫ፣ ክፉውን ዓይነት አስበን ስንነሣ፣ 4 ሰዓት። የሐይቁ ዳር 8 ኪሎ ሜትር ድካም ተጨምሮበት 2 ሰዓት ከሩብ። ድምሩ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆነ፤ በየሰዓቱ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ዕረፍት ሲታከልበት ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከተነሣችሁ የምትደርሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ላቫው ውስጥ የምትገቡት ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ጥላ በሌለበት፣ ጥቁሩ ድንጋይ በጋለበት ጊዜ መሆኑ ነው።

«ከፍታው ያቀዘቅዛል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 1,900 ሜትር ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 12 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እናንተን የሚያሞቃችሁ ግን አየሩ ብቻ አይደለም። ባዛልት የሚባለው ጥቁር የላቫ ድንጋይ የጸሐይን ሙቀት አብዛኛውን ውጦ ስለሚያስቀር፣ ጸሐይ በበረታችበት ቀን ላዩ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ያንን ሙቀት ከታች ወደ ላይ ይመልስባችኋል። ጨረሩም እንዲሁ ነው፦ ቆዳ የሚያቃጥለው የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከላይ ንፋሱ እያቀዘቀዛችሁ ከሥር እየተቃጠላችሁ መሄድ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ከቆዳ ላይ ወዲያው ይተንናል፣ ሸሚዝም አይረጥብም፣ ሰውም «አላላበኝም» ይላል። ሸሚዙን ገልብጣችሁ ብብቱንና የቦርሳውን ማንገቻ ሥር ብታዩት ነጭ የጨው መስመር ታገኛላችሁ። የወጣው ውኃ ምስክር እሱ ነው።

ውኃውን በተመለከተ፣ ማጣሪያውን እዚያው ተዉት። ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ግን «ከጎደለን እናጣራለን» የሚል የሐሰት መተማመኛ መስጠቱ ነው። ላቫ በስንጥቅና በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ የዘነበው ዝናብ ወዲያው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ላዩ ላይ ምንጭም ወንዝም አይቆይም። ደረቁ ሐይቅ ላይ ውኃ ብታገኙ እንኳን መውጫ በሌለው ገንዳ ውስጥ ለዘመናት ሲተን የኖረ ስለሆነ ጨዋማ ነው። ተራ ማጣሪያ ተሕዋስያንን ይይዛል እንጂ የሟሟ ጨው አይለይም። እንዲህ ያለ ውኃ መጠጣት ደግሞ ጥሙን ያባብሳል።

መጠኑ በቅዝቃዜው ሰዓት ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ጸሐይ ከበረታች በኋላ በሰዓት 750 ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ሂሳብ ያሰባችሁት የ10 ሰዓት ጉዞ ለአንድ ሰው 7 ሊትር ገደማ ይጠይቃል፣ 1 ሊትር መጠባበቂያ ሲጨመር 8፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ በጀርባችሁ 8 ኪሎ ውኃ ብቻ ማለት ነው። እናንተ የያዛችሁት 1 ሊትር ተኩል ደግሞ ገና ጉብታውን ስትወርዱ አልቋል። ውኃውን በአንድ ትልቅ ከረጢት አትያዙ። ቦርሳ ላቫ ላይ ወድቆ ከረጢቱ ቢቀደድ በአንድ ጊዜ ሁሉም ይፈሳል፤ ሦስትና አራት ጠንካራ ጠርሙስ ይሻላል፤ ስንት እንደቀረም በዓይን ይታያል።

በሌላ በኩል ውኃ ብቻውን አብዝቶ መጠጣትም ያሳምማል። በላብ የወጣው ጨው ሳይተካ ውኃው ሲበዛ የደም ሶዲየም ይወርዳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣቶች ማበጥ፣ ሲብስም መደናገር ይመጣል። ችግሩ ምልክቶቹ ከውኃ ጥም ሕመም ጋር መመሳሰላቸው ነው። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ባለፉት ሰዓታት ስንት ጠጣ፣ ምን በላ? ብዙ ጠጥቶ ምንም ያልበላ ከሆነ ተጨማሪ ውኃ አትስጡት፤ አሳርፉት፣ ጨዋማ ነገር አብሉት፣ መደናገር ከታየበት ሳትዘገዩ እርዳታ ጥሩ። አስቀድሞ መከላከሉ ቀላል ነው፦ በየሰዓቱ ጨዋማ ምግብ ቅመሱ። ከጠርሙሶቻችሁ አንዱንም በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ያዙ። ጨውን በግምት አትጨምሩ፤ ማንኪያውን በቢላ አስተካክላችሁ ለኩት።

የስፖርት ጫማ ለሜዳው ይበቃል፤ ለላቫው ግን አይሆንም። ሶሉ ለስላሳ ስለሆነ የድንጋዩ ስለት ከሥር እግርን ይወጋል፣ የጎኑ መረብ ጨርቅም በአኣ ላይ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ይቦጨቃል። ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ የማይታዘዝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡት ጫማ ያስፈልጋል። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ቡት ካላችሁ አትመኑት፤ የሶሉ መካከለኛ ንብርብር ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሰው ሠራሽ አረፋ ከሆነ ሳይለበስም ከጊዜ ብዛት ይፈረፈራል፣ ሶሉም በመሀል መንገድ ተገንጥሎ ይቀራል። ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ተራመዱበት። ረጅም ሱሪ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንትና ጠጠር ወደ ጫማ እንዳይገባ ገምባሌ ጨምሩ። ጓንቱ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ላቫ ላይ የሚደናቀፍ ሰው በእጁ ነው የሚያርፈው፣ ድንጋዩም እንደ ሞረድ ቆዳ ይገሽልጣል። ባልጩት ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ስባሪው ከመስታወት ስለት አይተናነስም።

ጉብታው የተሠራው ከእሳተ ገሞራው አፍ ተፈናጥሮ ዙሪያውን ከተከመረ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ነው። እንዲህ ያለ ልቅ ክምር ተረጋግቶ የሚቆምበት ተዳፋት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ስለሆነ፣ ስትረግጡት ይንሸራተታል፤ ሁለት እርምጃ ወጥታችሁ አንዱን ትመልሳላችሁ። ፊት ለፊት አትጋፈጡት። የተረገጠ መንገድ ካለ በእሱ ብቻ ውጡ፤ ከሌለ ጠጠሩ የጠነከረበትን ሸንተረር መርጣችሁ ወዲያ ወዲህ እየተጣጠፋችሁ፣ የጫማውን ጫፍ እየቀበራችሁ፣ በአጭር እርምጃ ውጡ። ስትወርዱ ጉልበታችሁን ዕጠፍ አድርጋችሁ በተረከዝ ርገጡ። አንዱ ከሌላው በታች እንዳይሆን በጎን ተራርቃችሁ ውረዱ፤ ከላይ የተፈታ ድንጋይ ከታች ያለውን ነው የሚመታው። አዲስ ዱካ እዚህ ተዳፋት ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ይታያል፤ በተረገጠው መንገድ ሂዱ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ፓሆይሆይ ደግሞ ለስላሳ መስሎ ሌላ አደጋ ይደብቃል። ላዩ ሲደርቅ ከሥሩ ያለው ላቫ ፈስሶ ስለሚወጣ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ አንዳንዴ ከላይ ያለው ቅርፊት ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በምርኩዝ መታ መታ እያደረጋችሁ ሂዱ፦ ደንዳናው ድንጋይ አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ያሰማል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስገመግማል። ቆብ መስሎ የተነፋ ጉብታ፣ የቀዳዳ ከንፈርና የተሰነጠቀ ጣሪያ ላይ አትርገጡ። ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በጥልቅ ገደል ሳይሆን እስከ ጉልበት በምታሰምጥ እንዲህ ባለች ቀዳዳ ነው።

ዋሻው ከዚህ ጉዞ ይቅር። የላቫ ዋሻ ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው አማካይ የሙቀት መጠን ጋር ይቀራረባል፤ ከፍ ባለ በረሃ ይህ ብርድ ማለት ነው፣ በአንዳንዱ ዋሻ ወለሉ ላይ በረዶ በበጋም አይጠፋም። ሰውነት እንዳላበ ከጋለ ላቫ ላይ ወደዚያ መግባት ራስን ለመንቀጥቀጥ አሳልፎ መስጠት ነው። ለመግባት ለእያንዳንዱ ሰው የራስ ቁርና ሦስት የተለያዩ መብራቶች ያስፈልጋሉ፤ የስልክ መብራት ከሦስቱ አይቆጠርም። የሌሊት ወፎች የሚኖሩበት ዋሻ ከሆነ በሌላ ዋሻ የተረገጠበት ጫማ የፈንገስ በሽታ ሊያስገባባቸው ይችላል። ራሱን የቻለ ቀን መድቡለት።

ውሻውን ቤት ተዉት። መዳፉ በግለቱ ይቃጠላል፣ በስለቱ ይተለተላል፣ እሱም ውኃ ይፈልጋል፤ መራመድ ሲያቅተው በላቫ ላይ ተሸክማችሁት መውጣት አትችሉም።

ኮምፓሳችሁ እዚህ ሊዋሽ ይችላል። ባዛልት ማግኔታይት የሚባል መግነጢሳዊ ማዕድን አለው፤ መብረቅ የመታው ቋጥኝ ደግሞ ከሌላው በብዙ እጥፍ መግነጢሳዊ ይሆናል። እንዲህ ፈትሹት፦ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጡና መርፌው የሚያሳየውን ያዙ፤ ከዚያ አግድም እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ደረታችሁ አንሡት። መርፌው በመንገዱ ላይ ከዞረ ድንጋዩ እየሳበው ነው። ሁልጊዜ በደረት ከፍታ ያዙት፣ ከ10 ሜትር በኋላ ደግማችሁ ለኩ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አትከተሉት። የስልካችሁ ኮምፓስም መግነጢስ ስለሚለካ በዚያው ይሳሳታል፤ ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ አቋማችሁ ግን አይነካም። ስለዚህ ካርታውን ከመነሣታችሁ በፊት ስልኩ ላይ አውርዱ፣ መነሻችሁን ምልክት አድርጉበት፣ ኔትወርኩን አጥፍታችሁ ጂፒኤሱን ብቻ ተዉ፣ የኃይል መሙያ ባትሪ ያዙ፣ የወረቀት ካርታም አይቅር።

ሁለት ነገር ከመነሻው ማለዳ አረጋግጡ። አንደኛው የአየር ትንበያ ነው። በሞቃት ወራት ከፍታ ቦታ ላይ ነጎድጓድ የሚነሣው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ የጉብታው አናትና የአፉ ዳር ደግሞ በዙሪያው ካለው ሁሉ የሚልቅ ቦታ ነው። ብልጭታ ካያችሁ በኋላ ድምፁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ወዲያው ውረዱ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳችሁ አትውጡ። ሁለተኛው እሳተ ገሞራው በቅርብ ዘመን የነቃ ከሆነ የሚቆጣጠረው ተቋም ማስጠንቀቂያ አውጥቶ እንደሆነ ነው። እንፋሎት የሚወጣበት አካባቢ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ አትውረዱ፣ አትቀመጡም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድም እዚያ ይጠራቀማል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ሲበዛ ራሱን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

አንድ ሰው በሙቀት ከተደናገረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተሳከረ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ይሆናል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። የጋለ ድንጋይ ላይ አታስተኙት፤ ቦርሳዎቹን ከሥሩ አንጥፉ። 2 በ3 ሜትር የሆነ ቀላል ሸራ ያዙ የምለው ለዚህ ነው፤ ላቫ ላይ ካስማ ስለማይገባ ጫፎቹን በገመድ ከቋጥኝ ጋር እሰሩ። ልብሱን ፍቱለት፣ ያላችሁን ውኃ ቆዳው ላይ እያፈሰሳችሁ አራግቡት። መጠባበቂያው 1 ሊትር ለመጠጥ ብቻ እንዳልተያዘ እዚህ ላይ ይታወቃል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ 4 ኪሎ ሜትሩን ላቫ ማቋረጥና የሐይቁን ዳር ከዕቅዱ ሰርዙ። ዙር መሄዱን ትታችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ሜዳውን 5 ኪሎ ሜትር፣ ጉብታውን 1 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በድንጋይ ቁልል ምልክት የተደረገበት መንገድ ካለ ብቻ ላቫው ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ገብታችሁ ውጡ፤ ምልክት ከሌለ ዳሩን ይዛችሁ ሂዱ። ከቁልሉ አጠገብ ቆማችሁ ቀጣዩ ካልታያችሁ አትንቀሳቀሱ። በዚህ ሁሉ ድምሩ 13 ኪሎ ሜትር፣ ከዕረፍት ጋር 6 ሰዓት ያልሞላ ነው። ከንጋቱ 11:30 ተነሡ፤ በረሃው ማለዳ ይበርዳልና የሚወልቅ ሹራብና የንፋስ ጃኬት ደርቡ። እያንዳንዳችሁ 5 ሊትር ያዙ፣ ሌላ 8 ሊትር መኪናው ውስጥ ይቆይ። ከ5 ሊትሩ 2 ሊትር ተኩል ሲቀር ወይም ከጠዋቱ 3:30 ሲሆን፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ውሳኔውን የሚሰጠው ውኃው በጣም ያነሰበት ሰው ነው፤ ብርቱው አይደለም። እንዲህ ከሆነ ከረፋዱ 5:15 ገደማ መኪናችሁ ጋ ናችሁ።

አብሯችሁ ለማይሄድ አንድ ሰው መንገዱን በካርታ ላይ ስላችሁ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የአራታችሁን ስም ጽፋችሁ ስጡት። ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ካልደወላችሁለት ለነፍስ አድን ሠራተኞች እንዲደውል ከስሩ ይጻፍ። እናንተም ፊሽካ ያዙ፤ ኔትወርክ በሌለበት ሦስት ጊዜ ተነፍቶ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ መደገሙ የእርዳታ ጥሪ ነው። የሳተላይት መልእክት መላኪያ መከራየት ከቻላችሁ ደግሞ ተከራዩ፤ ያዡም ከፊት የሚሄደው ሳይሆን ከኋላ የሚከተለው ይሁን።